የስክሩጅ ምድጃ

በእንግሊዝ አገር ቻርልስ ዲከንስ የሚባል ስመ ጥር ደራሲ ነበረ። የተወለደው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1812 ዓመተ ምሕረት፥ የሞተውም በ1870 ነው። ከጻፋቸው ብዙ መጻሕፍት መካከል በገጹ ቍጥር ከትንሾቹ፥ በዝናው ግን ከትልልቆቹ የሚቈጠር አንድ አለ፤ ስሙም «የልደት መዝሙር» ይባላል። ነገሩ ስክሩጅ ስለሚባል አንድ ንፉግ የሎንዶን ነጋዴ ነው። ለዚህ ሰው በልደት ዋዜማ ሌሊት አስቀድሞ የሞተው የንግድ ባልንጀራው ማርሌ፥ ቀጥሎም ሦስት መናፍስት ተገለጡለት፤ መናፍስቱም ያለፈውን፥ ያለውንና የሚመጣውን ዘመን አሳዩት። በነጋም ጊዜ ሌላ ሰው ሆኖ ተነሣ።

መጽሐፉን ያነበበ ሰው ሁሉ መናፍስቱን አይረሳም። የከሰሉን ሣጥን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ዲከንስ ስለ ንፍገትና ስለ ቸርነት ሊናገር የፈለገውን ከመናፍስቱ አፍ ይልቅ በቤቱ፥ በደጁ፥ በመስኮቱና በምድጃው አድርጎ ተናግሮታል። ቸር ሰው በሚኖርበት ቤት እሳቱ ይነድዳል፤ ንፉግ በተቀመጠበት ቤት ፍሙ ይከስማል። ይህን አንድ ነገር ይዞ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የተከተለ አንባቢ ሥራው ምን ያህል በጥንቃቄ እንደ ተሠራ ያያል።

ታሪኩ የሚጀምረው በስክሩጅ የሒሳብ ቤት ነው። የከተማው ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት መደወሉ ነው፤ ነገር ግን ጨልሟል። በሎንዶን በልደት ሰሞን ፀሐይ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ በዚያን ቀን ግን ከጥዋት ጀምሮ ብርሃን አልታየም። ጉሙ በስንጥቁና በቍልፉ ቀዳዳ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከጠባቡ ግቢ ማዶ ያሉትም ቤቶች እንደ ጥላ ሆነው ይታያሉ። ስክሩጅ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል፤ እሳቱም እጅግ ትንሽ ነው። ከርሱ ቀጥላ ባለችው፥ ደራሲው በውኃ ማጠራቀሚያ በመሰላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጸሓፊው ቦብ ክራቺት ተቀምጦ ደብዳቤ ይገለብጣል። የርሱ እሳት ከጌታውም እሳት ያንሳል፤ አንድ ፍም ብቻ ይመስላል። ሊጨምርበትም አይችልም፤ የከሰሉ ሣጥን ያለው በስክሩጅ ክፍል ነውና። አካፋ ይዞ ወደዚያ የገባ እንደ ሆነ ከሥራው መሰናበቱ ነው። ስለዚህ ቦብ ነጩን ያንገት ልብሱን ተጠቅልሎ በሻማው ሊሞቅ ይሞክራል፤ አይሆንለትም። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው በር ክፍት ነው። የተከፈተውም ሙቀት እንዲያልፍበት አይደለም፤ ጌታው ጸሓፊውን እንዲጠብቅበት ነው።

ብዙ ምክር ቢጻፍ ይህን ያህል አይናገርም። ንፍገት በሰው ልብ ውስጥ ተሰውሮ የሚቀመጥ ነገር ይመስላል፤ ባለቤቱም ገንዘቡ የኔ ነው፥ ማንንም አልበደልሁም ይላል። ዲከንስ ግን የአንዱ ሰው ልብ ብርድ በሌላው ሰው ጣት ላይ እንደሚወርድ አሳየ። ደግሞም ስክሩጅ ራሱ አልሞቀም! ሣጥኑ በአጠገቡ ሳለ ከትንሽ እሳት ፊት ይቀመጣል። ንፉግ ለሌላው የከለከለውን ለራሱ ይደሰትበታል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ይህን ክፍል መመልከት ይበቃዋል።

ስለ ጉሙ ደግሞ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። የሎንዶን ጉም ከቴምዝ ወንዝ የሚነሣ ጭጋግ ብቻ አልነበረም፤ ከማይቈጠሩ ምድጃዎች የሚወጣ የድንጋይ ከሰል ጢስ የተቀላቀለበት ነበረ። ከሰሉ ከሰሜን ከኒውካስል አገር በመርከብ እየተጫነ ይመጣ ነበር። እንግዲህ ቤቱን የሚያሞቀው ያው ከሰል መንገዱን ያጨልም ነበር ማለት ነው። ይህም መከራ ከዲከንስ በኋላ ረዥም ዘመን ቈየ፤ በ1952 በዲሴምበር ወር አምስት ቀን የሰነበተ የጢስ ጉም በሎንዶን ብዙ ሺሕ ሰው ፈጀ፤ አየርን ስለ ማንጻት ሕግ የወጣውም ከዚያ በኋላ በ1956 ነው።

ወደ ስክሩጅ እንመለስ። በዚያ ቀን ሁለት ሰዎች ለድኾች መብልና መጠጥ፥ የሚሞቁበትንም ነገር የሚገዙበት ገንዘብ ሊለምኑት መጡ። እርሱ ግን ወህኒ ቤቶቹና ድኾች እየሠሩ የሚኖሩባቸው ቤቶች አሁንም መኖራቸውን ጠይቆ ወደዚያ እንዲሄዱ መለሰ። እነዚህ ቤቶች የደራሲው ፈጠራ አይደሉም። በ1834 በወጣው የድኾች ሕግ መሠረት ርዳታ የፈለገ ጕልበት ያለው ድኻ ወደዚያ ይግባ ተብሎ ነበር፤ በገባም ጊዜ ባል ከሚስቱ፥ ወላጅም ከልጁ ይለያይ ነበር። ያ ቤት ግድግዳና ጣራ አለው፤ በምድጃ ዙሪያ የሚሰበሰብ ቤተ ሰብ ግን አይገኝበትም።

ሰዎቹ ባዶ እጃቸውን ከሄዱ በኋላ ደራሲው ዓይናችንን ወደ ውጭ ይመልሳል። በአውራው መንገድ ማዕዘን ላይ የጋዝ ቧንቧ የሚጠግኑ የቀን ሠራተኞች በብረት ማንደጃ ትልቅ እሳት አንድደዋል። ቡትቶ የለበሱ ሰዎችና ልጆችም ዙሪያውን ከበው በደስታ እጃቸውን ያሞቃሉ። ነገሩ በጥቂት መስመር ተነግሮ ያልፋል፤ አንባቢም ብዙ ጊዜ ሳያስተውለው ያልፋል። ነገር ግን በመጀመሪያው ክፍል ከዚህ የሚበልጥ ሥዕል የለም ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሀብታሙ በአራት ግድግዳ መካከል ተቀምጦ ይበርደዋል፤ ምንም የሌላቸው ሰዎች ጣራ በሌለው መንገድ ላይ ይሞቃሉ። ያ እሳት በር የለውም፤ አንተ ማን ነህ ብሎ የሚከለክልም የለበትም።

በመሸ ጊዜ ስክሩጅ ወደ ቤቱ ሄደ። ቤቱ አስቀድሞ የማርሌ የነበረ፥ በአንድ ጨለማ ግቢ ውስጥ ተሸሽጎ የቆመ ሕንጻ ነው። ዲከንስ በዚህ ቦታ ይቀልዳል፤ ሕንጻው በልጅነቱ ከሌሎች ቤቶች ጋር ድብብቆሽ ሲጫወት ወደዚህ ገብቶ መውጫው የጠፋው ይመስላል ይላል። ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ለመሥሪያ ቤት የተከራዩ ስለ ሆኑ በሌሊት ከስክሩጅ በቀር የሚያድርበት ሰው የለም። ሰፊውን ደረጃ በአንድ ሻማ ብቻ ወጣ፤ ጨለማ ገንዘብ አያስወጣምና ይወደዋል። ከምድጃው ላይ ጥቂት አጥሚት ተጥዷል፤ እሳቱም ከማነሱ የተነሣ ሙቀቱ እንዲሰማው እላዩ ላይ ጎንበስ ማለት ግድ ሆነበት። በዚህ ምድጃ ፊት ማርሌ ሰንሰለቱን እየጎተተ ተገለጠለት። ሰንሰለቱም ከገንዘብ ሣጥን፥ ከቍልፍ፥ ከሒሳብ መዝገብና ከብረት ከረጢት የተሠራ ነው፤ ማለት የሒሳብ ቤቱን ዕቃ ሁሉ ታጥቆት መጣ። በሕይወቱ ሳለ መንፈሱ ከዚያች ገንዘብ ከሚቈጠርባት ጠባብ ጕድጓድ ወጥቶ ስለማያውቅ አሁን ያለ ዕረፍት በዓለም ሁሉ መዞር ተፈረደበት። ከመስኮቱም ውጭ እንደ እርሱ ያሉ ብዙ ነፍሳት በአየር ላይ ሲንከራተቱ ታዩ። ከነርሱ አንዱ ከባድ የብረት ሣጥን ከቍርጭምጭሚቱ ታስሮበታል፤ ከታች በአንድ ደጃፍ ላይ ልጅዋን ታቅፋ የተቀመጠች ምስኪን ሴት አይቶ ሊረዳት ባለመቻሉ ያለቅሳል። በሕይወት ሳለ ያ ደጃፍ ሩቅ አልነበረም፤ ዛሬ ግን ሊደርስበት አይችልም።

የመጀመሪያው መንፈስ ስክሩጅን ወደ ልጅነቱ ዘመን ወሰደው። ባዶ በሆነ የትምህርት ቤት አዳራሽ፥ በደካማ እሳት አጠገብ አንድ ብቸኛ ልጅ ተቀምጦ ያነባል፤ ሌሎቹ ለበዓል ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ልጁ ስክሩጅ ራሱ ነው። ዲከንስ በዚህ ለስክሩጅ ጥቂት ይራራለታል፤ ብርዱን እርሱ አልፈጠረውም፥ በልጅነቱ ተቀብሎታል። ቢሆንም ሙቀትን አያውቅም ነበር እንዳይባል መንፈሱ ወዲያው ወደ ሌላ ቤት ወሰደው፤ ይኸውም ጕልማሳ ሳለ ሥራ የተማረበት የፌዚዊግ የዕቃ ቤት ነው። ፌዚዊግም ነጋዴ ነው፤ መዝገብና ገንዘብ አለው። ነገር ግን በልደት ዋዜማ ጊዜው በደረሰ ሰዓት ሥራው ይብቃ ብሎ መስኮቶቹን አዘጋ፥ ወለሉን አስጠረገ፥ ከምድጃውም ከሰል አስከመረ። ያ የዕቃ መጋዘን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የዘፈን አዳራሽ ሆነ፤ የቤቱ ገረድም፥ ወጥ ቤቲቱም፥ ጌታው በቂ ምግብ አይሰጠውም ተብሎ የሚጠረጠረው የጎረቤት ልጅም ገቡ። መንፈሱ ስክሩጅን ሊፈትነው ፌዚዊግ ያወጣው ሦስት ወይም አራት ፓውንድ ብቻ አይደለምን ባለው ጊዜ ስክሩጅ ራሱን ረስቶ ተከራከረ፤ ጌታ ሠራተኛውን ደስተኛ ወይም ሐዘንተኛ ሊያደርግ ሥልጣን አለው፥ ደስታውም በገንዘብ አይመዘንም አለ። ይህን ከተናገረ በኋላ ዝም አለ። አሁን ለጸሓፊዬ አንድ ቃል ልናገር በወደድሁ ነበር አለ።

መምህራን ስለዚህ መጽሐፍ ሲያስተምሩ አብዛኛውን ጊዜ ስክሩጅ የተለወጠው መቃብሩን ባየ ጊዜ ነው ይላሉ። ይህ ፍርድ በቂ አይመስልም። ሞትን ፈርቶ መለወጥ ለማንም ቀላል ነው። ስክሩጅ ግን ገና ሞቱን ሳያይ፥ በፌዚዊግ እሳት ፊት ቆሞ ያን አንድ ፍም አስታወሰ።

ሁለተኛው መንፈስ በመጣ ጊዜ የስክሩጅ የገዛ ክፍል ተለውጦ ቈየው። ግድግዳው በለምለም ቅጠል ተሸፍኗል፤ ምድጃውም በማርሌ ዘመን ሆነ በስክሩጅ ዘመን ታይቶ የማያውቅ ታላቅ እሳት ይንቀለቀልበታል። ግድግዳው ያው ነው፥ ምድጃውም ያው ነው፤ የጐደለው የባለቤቱ ፈቃድ ብቻ ነበረ። ከዚያም ወደ ከተማው ወጡ። ብዙ ድኾች እራታቸውን ተሸክመው ወደ ዳቦ ጋጋሪዎች ሱቅ ይሄዳሉ፤ በቤታቸው ትልቅ መጥበሻ ምድጃ ስለሌላቸው ሥጋቸውን በዳቦ ጋጋሪው እቶን ያስጠብሱ ነበርና። የቦብ ክራቺትም ዝይ የበሰለው በዚህ ዐይነት ነው። ቦብ በሳምንት 15 ሽልንግ እየተቀበለ ሚስቱንና ስድስት ልጆቹን ይዞ ካምደን ታውን በሚባል ሰፈር በአራት ክፍል ቤት ይኖራል። ከእራት በኋላ ምድጃው ተጠርጎ እሳቱ ተቀሰቀሰ፤ ሁሉም ዙሪያውን ከበው ተቀመጡ። በቤቱ ያለው ብርጭቆ ሁለትና እጀታው የተሰበረ አንድ ስኒ ብቻ ነው። ምርኩዝ የሚይዘው ታናሹ ቲም በትንሽ በርጩማው ላይ ከአባቱ ጎን ተጠግቷል፤ አባቱም እንዳይወሰድበት የፈራ ይመስል ሰልካካ እጁን ይዞታል። በሥራ ቦታው በሻማ መሞቅ ያልቻለው ሰው በቤቱ ሰባት ነፍስ ያሞቃል።

ዲከንስ ይህን ሰፈር በወሬ አላወቀውም። በ1822 ገና የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለ ቤተ ሰቡ በካምደን ታውን ይኖር ነበር። በ1824 አባቱ ዕዳ መክፈል አቅቶት ታሰረ፤ ልጁም በወንዙ ዳር አይጥ በሚርመሰመስበት አሮጌ ቤት ውስጥ በጫማ ቀለም ዕቃ ላይ ወረቀት እየለጠፈ በሳምንት 6 ወይም 7 ሽልንግ ያገኝ ነበር። ስለ ድኻ ቤት ሲጽፍ አሳዝኖ ብቻ የማይተወው፥ ስኒውን እንኳ የሚቈጥረው ስለዚህ ነው። የመጽሐፉ ዋጋ 5 ሽልንግ ነበረ፤ ቦብ ክራቺት ራሱ ሊገዛው ቢወድ የሳምንት ደመወዙን ሢሶ መክፈል ነበረበት።

ከዚያም መንፈሱ ስክሩጅን ከሎንዶን አርቆ ወሰደው። በምድረ በዳ ማዕድን ቆፋሪዎች በጭቃና በድንጋይ ጎጆ እሳት ከበው ይዘምራሉ። ማዕበል በሚመታው ዓለት ላይ ባለ የመርከብ መብራት ግንብ ሁለት ጠባቂዎች ያነደዱት እሳት በወፍራሙ ግንብ ቀዳዳ ወጥቶ ለባሕሩ አንድ የብርሃን ጨረር ይሰጣል። ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ነገሩ ግን ግልጥ ነው። ብርዱ የቱንም ያህል ቢበረታ የሰው ምድጃ ሊደርስበት የማይችል ቦታ የለም።

አንድ ቦታ ብቻ ምድጃ የለውም። ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል መንፈሱ በልብሱ ሥር የደበቃቸውን ሁለት የከሱ ልጆች አሳየ፤ ስማቸውም ድንቍርናና ችግር ይባላል። በዚህ ጊዜ የቆሙበት ቦታ ስም የለውም፤ ክፍት ሜዳ ነው ከማለት በቀር ደራሲው ስለ ቦታው ምንም አልተናገረም። አንዳንድ አንባቢ ይህ ክፍል ስብከት ነው፥ ከታሪኩ ጋር አልተዋሐደም ይላል፤ ይህም ከእውነት የራቀ አይደለም። ቢሆንም ልጆቹ ያለ ቤትና ያለ ግድግዳ መቆማቸው ራሱ ነገር አለው፤ ከመንፈሱ ልብስ በቀር የሚጠጉበት የላቸውም። በ1843 በልዩ ልዩ ሥራ ስለሚደክሙ ሕፃናት የመንግሥት መርማሪዎች ያዘጋጁት ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ዲከንስም አንብቦ ስለ ድኻ ልጆች ለሕዝብ አቤቱታ ለመጻፍ አሰበ፤ ኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠ። በዚያው ዓመት በመስከረም ፊልድ ሌን በተባለው የሎንዶን ሰፈር ቡትቶ የለበሱ ልጆች የሚማሩበትን ቤት ጎበኘ፤ በጥቅምትም በማንቸስተር ስለ ሠራተኞች ትምህርት ንግግር አደረገ። ከዚያም በስድስት ሳምንት ያህል ይህን ታሪክ ጻፈ። በዲሴምበር 19 ቀን ወጣ፤ እስከ ልደት ዋዜማም 6000 መጽሐፍ ተሸጠ። አቤቱታውን ጽፎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማን ያነበው ነበር?

ሦስተኛው መንፈስ ያሳየው ነገር ሁሉ የጠፋ ምድጃ ነው። አንድ ሰው ሞቷል፤ ዕቃውን የሰረቁ ሰዎች ጨርቅ፥ ዐጥንትና አሮጌ ብረት በሚገዛ ሽማግሌ ሱቅ ተሰብስበው በአሮጌ ጡብ በተሠራ የከሰል ማንደጃ ዙሪያ የሙቱን የአልጋ መጋረጃ ይከፋፈላሉ። የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ በዚያ ቀን ስለዚያ ሰው በእሳት ዙሪያ የተሰበሰቡት እነዚህ ብቻ ናቸው። ሙቱም በጨለማ ክፍል ብቻውን ተኝቷል፤ ከምድጃው ድንጋይ ሥር አይጦች ሲቈረጥሙ ይሰማል። ስክሩጅ የሒሳብ ቤቱን በመስኮት ተመለከተ፤ ዕቃው ሌላ ሆኗል፥ በወንበሩም ላይ የተቀመጠው እርሱ አይደለም። ከዚያ በቤቶች ተከብቦ አረም በወረሰው መቃብር ስሙን አነበበ።

በነጋ ጊዜ መስኮቱን ከፈተ። ጉም የለም፥ ጭጋግም የለም፤ ብርዱ ግን አለ፥ ብሩህና ደስ የሚያሰኝ ብርድ ነው። ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ ገዝቶ ስሙን ሳይናገር ወደ ክራቺት ቤት ሰደደ። በመንገድም ሲሄድ የሰዎችን ወጥ ቤትና መስኮት ይመለከት ጀመር፤ ከዚያ በፊት ቤት ለርሱ የኪራይ ገንዘብ የሚገኝበት ነገር ነበረ። ወደ እኅቱ ልጅ ወደ ፍሬድ ደጅም ደረሰ፤ ትናንት በልደት እራት የጠራውን ሰው ሰድቦ ሰድዶት ነበርና ለማንኳኳት ድፍረት እስኪያገኝ ድረስ ደጋግሞ ተመላለሰ። ከመጽሐፉ ሁሉ ስክሩጅ በእውነት እንደ ተለወጠ የሚያሳምነው ይህ መመላለስ ነው። የማያፍር ሰው በመጀመሪያው ያንኳኳ ነበር።

በማግሥቱ ስክሩጅ ማልዶ ወደ ሒሳብ ቤቱ ገባ። ቦብ 18 ደቂቃ ተኩል ዘገየ። የክፍሉ በር ዛሬም እንደ ትናንት በሰፊው ተከፍቷል፤ ጌታው ጸሓፊው ሲገባ ሊያይ ተቀምጧል። እንደ ልማዱ ቆጣ ብሎ ጠራው፤ ቀጥሎም ደመወዙን እንደሚጨምርለት በነገረው ጊዜ ቦብ ጌታው ያበደ መስሎት ከጠረጴዛው ላይ ወዳለው ማስመሪያ እንጨት ተጠጋ። ስክሩጅ ግን ጀርባውን መታ መታ አድርጎ መልካም በዓል ተመኘለት፤ ቤተ ሰቡንም እንደሚረዳ ነገረው። ከዚያም ሌላ ፊደል ሳይጽፍ እሳት እንዲያነድድ፥ አንድ ሌላ የከሰል ባልዲም ሄዶ እንዲገዛ አዘዘው። ደራሲው በዚህ ቦታ ስለ አንድ እሳት አልተናገረም፤ ቃሉ የብዙ ቍጥር ነው፥ የጌታውም የጸሓፊውም እሳት።